አኔስቴዚዮሎጂስት ለመሆን፦ ከሕክምና ትምህርት እስከ ራስን ችሎ መሥራት

ፕሮፖፎል የተባለው የሰመመን መድኃኒት በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ሕመምተኛው ራሱን ይስታል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ የደም ግፊቱም ይወርዳል። ይህንን ያደረገው ሐኪሙ ራሱ ነው። ሌሎች የሕክምና ዘርፎች ታሞ የመጣን ሰው ያክማሉ፤ አኔስቴዚዮሎጂስት፣ ማለትም የሰመመን ስፔሻሊስት ሐኪም፣ ደግሞ በራሱ እየተነፈሰ የመጣን ሰው ትንፋሽ ተረክቦ፣ ለሰዓታት ይዞ፣ በመጨረሻ መልሶ ያስረክባል። ሥልጠናው ረጅም የሆነውም፣ ከመድኃኒቱ ይልቅ ዝግጅቱን አጥብቆ የሚያስተምረውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን ከቅርብ እዩት

ከውጭ የሚያይ ሰው «አስተኝቶ ይሄዳል» ይላል። እውነቱ ግን ሰመመን የሰጠው ባለሙያ ሕመምተኛውን ለማገገሚያ ክፍል እስኪያስረክብ ድረስ ከአጠገቡ አይጠፋም። ኦክስጅኑን፣ የልብ ምቱን፣ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለማቋረጥ ይከታተላል፤ የደም ግፊቱን ቢያንስ በየ5 ደቂቃው ይለካል፤ የፈሰሰውን ደም ይገምታል፤ ፈሳሹን ያስተካክላል።

ዘርፉን ከመምረጣችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አሳልፉ፤ ቢያንስ አንዱ የሌሊት ተረኝነት ይሁን። ጠዋት የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከመግባቱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ተገኙ፤ ማሽኑ ሲፈተሽና መድኃኒቱ ሲቀዳ ያላየ ሰው የሥራውን ግማሽ አላየም። ከዚያ አንድ ሕመምተኛ ምረጡና ከቅድመ ምርመራው እስከ ማገገሚያ ክፍል ተከተሉት። በዚህ ጊዜ ራሳችሁን የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው። ለ4 ሰዓት ምንም የተለየ ነገር ሳይፈጠር ንቁ ሆኖ መቆየት እችላለሁ? በ5ኛው ሰዓት ድንገት ነገር ሲበላሽ እጄ ይታዘዘኛል? ሁለቱንም የሚጠይቅ ሥራ ነው።

«ከሕመምተኛ ጋር ብዙ ማውራት ስለማልወድ» ብሎ የሚመርጠው ሰው አለ፤ ይህ የተሳሳተ ምክንያት ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ከታካሚው ጋር ለመተዋወቅ ወራት ሊኖረው ይችላል፤ እናንተ ግን የፈራን ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ አረጋግታችሁ ሕይወቱን እንዲያምናችሁ ማድረግ አለባችሁ።

ዓመታቱ ስንት ናቸው?

በብዙ አገሮች ሰመመን የሚሰጡት ሐኪሞች ብቻ አይደሉም። በመጀመሪያ ወይም በማስተርስ ዲግሪ የሠለጠኑ አኔስቴቲስቶች፣ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችም ይሰጣሉ። ያ ራሱን የቻለ፣ የተከበረና አጠር ያለ መንገድ ነው። አኔስቴዚዮሎጂስት የሚባለው ግን በመጀመሪያ ሐኪም ሆኖ ከዚያ ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው። ሁለቱ መንገዶች የሚለያዩት ከመነሻው ስለሆነ፣ በአንዱ ጀምሮ ወደ ሌላው መሻገር ብዙ ጊዜ ሕክምናን ከሥር መማርን ይጠይቃል። ውሳኔው ቀድሞ ይወሰን።

የሐኪሙን መንገድ ርዝመት ለመገመት ሁለት አገሮችን እንይ። በአሜሪካ 4 ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 4 ዓመት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ 4 ዓመት ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚወሰድ የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ነው፤ ከሬዚደንሲው የመጀመሪያው ዓመት አጠቃላይ ክሊኒካዊ ሥራ ሲሆን ቀሪው 3 ዓመት አኔስቴዥያ ነው። በብሪታንያ ደግሞ ከሕክምና ትምህርት በኋላ የ2 ዓመት መሠረታዊ ሥልጠና አለ፤ የአኔስቴዥያው ስፔሻሊቲ በራሱ 7 ዓመት ይወስዳል። የየትኛውም አገር ተማሪ ብትሆኑ ከማመልከታችሁ በፊት የአገራችሁን የሬዚደንሲ ርዝመት፣ የመግቢያ ፈተናውንና ከሥልጠና በኋላ የአገልግሎት ግዴታ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ይዛችሁ አረጋግጡ።

በሕክምና ትምህርት ቤት ሳላችሁ

ሁሉንም ትማራላችሁ፤ አራት ነገሮችን ግን ከሌላው ተማሪ ጠለቅ አድርጋችሁ ያዙ። የመተንፈስና የደም ዝውውር ፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ፣ የጋዝና የግፊት ፊዚክስ፣ እንዲሁም የመድኃኒት ሒሳብ። ሦስቱን መጽሐፍ ያስተምራችኋል። ሒሳቡን ግን ማንም ቁጭ አድርጎ ስለማያስተምረው ብዙ ሰው ሬዚደንሲ እስኪገባ ድረስ አይችለውም።

1 በመቶ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ግራም ነው፤ ስለዚህ በ1 ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ይሆናል። 2 በመቶ ሊዶኬይን (አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ የሚያደነዝዝ መድኃኒት) ከሆነ በ1 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም አለ። ያለ አድሬናሊን በኪሎ ከ3 ሚሊ ግራም አይበልጥም የሚለውን ወሰን ከያዝን፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ጣሪያው 180 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 9 ሚሊ ሊትር ነው። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ሞልቶ የሰጠ ሰው ወሰኑን አልፏል።

አድሬናሊንም እንዲሁ። 1 ሚሊ ግራም የያዘውን አምፑል ወደ 10 ሚሊ ሊትር ብታቀጥኑት በየ1 ሚሊ ሊትሩ 100 ማይክሮ ግራም ይኖራል። ከዚያ 1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ እንደገና ወደ 10 ብታቀጥኑት 10 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ሁለቱ ሲሪንጆች መልካቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው ግን 10 እጥፍ ነው። ስለዚህ መድኃኒት እንደተቀዳ፣ ሲሪንጁ ከእጅ ሳይወጣ ስሙና መጠኑ ይለጠፍበታል። «በኋላ እጽፈዋለሁ» ተብሎ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሲሪንጅ ይጣላል፤ ድርድር የለውም።

ከዚህ ሌላ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ማስገባትን በደንብ ተለማመዱ። ደም ሥር ማግኘት ላይ የሚያመነታ እጅ የሬዚደንሲውን የመጀመሪያ ወራት በሙሉ ያዘገያል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፦ ማሽኑ

ሬዚደንሲ ስትገቡ መጀመሪያ የምትለማመዱት የሰመመን ማሽን ፍተሻ ነው። አሰልቺ ይመስላል። ቅደም ተከተሉ ግን ትርጉም አለው፦ ከማሽኑ በፊት የሚፈለገው በእጅ የሚጨመቅ አምቡ ባግ ነው፤ ማሽኑ በሙሉ ቢሞት ሕመምተኛውን የምታተርፉት በእሱ ነው። ቀጥሎ የኦክስጅን መጠባበቂያ ሲሊንደር፣ ሰክሽን (ፈሳሽ መምጠጫ)፣ ከዚያ የጋዙ መስመር። የመተንፈሻ መስመሩን ጫፍ ዘግታችሁ ቫልቩን አጥብቁና ግፊቱን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ሙሉት፤ 10 ሰከንድ ሳይወርድ መቆየት አለበት። ከወረደ የሚያፈሰውን ቦታ ሳታገኙ ሕመምተኛ አይገባም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በደንብ ያልተገጠመ ቱቦ ወይም ሶዳ ላይም (ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥ ንጥረ ነገር) ተቀይሮ በትክክል ያልተዘጋ ጣሳ ነው።

ጀማሪ የሚሳሳትበት አንድ ነገር የሲሊንደር ንባብ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደር ውስጥ ያለው ጋዝ ስለሆነ ግፊቱ ግማሽ ከሆነ የቀረው ኦክስጅንም ግማሽ ነው። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው የሰመመን ጋዝ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል፤ ፈሳሹ እስኪያልቅ ድረስ ግፊቱ ብዙም ስለማይቀየር መለኪያው «ሙሉ» እያለ ሊያልቅ የተቃረበ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ማወቅ የሚቻለው በሚዛን ነው።

ከቱቦው በፊት ጭምብሉ

ሁሉም አዲስ ሬዚደንት (በሬዚደንሲ ላይ ያለ ሐኪም) የመተንፈሻ ቱቦ በጉሮሮ ለማስገባት ይቸኩላል። እኛ የምንመክረው ተቃራኒውን ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጭምብል ማናፈስን የምትችሉ ሁኑ። ቱቦ ያልገባለት ሕመምተኛ በጭምብል እስከተናፈሰ ድረስ አይሞትም።

አያያዙ እንዲህ ነው። አውራ ጣትና አመልካች ጣት ጭምብሉን ፊት ላይ ይይዛሉ፤ የቀሩት ሦስቱ ጣቶች የመንጋጋውን አጥንት ይዘው ወደ ላይ ያነሳሉ። ጣቶቹ ከአገጭ ሥር ያለውን ለስላሳ ሥጋ ከተጫኑ ምላስን ወደ ላይ ገፍተው የአየሩን መንገድ ይዘጋሉ፤ የጀማሪ ዋና ስህተት ይህ ነው። ሁለተኛው ስህተት ፊቱን ወደ ጭምብሉ በማንሳት ፈንታ ጭምብሉን ወደ ፊቱ መጫን ነው። አየር ካላለፈ የአፍ መተንፈሻ መሣሪያ አስገቡ፤ አሁንም ካላለፈ ጭምብሉን በሁለት እጅ ያዙና ሌላ ሰው ባጉን ይጭመቅ። ግፊቱን ከ20 ሴንቲ ሜትር ውኃ በታች አድርጉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን አየሩ ጨጓራ ገብቶ ማስታወክን ይጋብዛል።

ከማስተኛታችሁ በፊት ለ3 ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን የምትሰጡበትን ምክንያት በቁጥር እዩት። 70 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው ትንፋሹን አውጥቶ ሲያበቃ ሳንባው ውስጥ 2 ሊትር ገደማ አየር ይቀራል። ተራ አየር ከሆነ ኦክስጅኑ 21 በመቶ፣ ማለትም 400 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ሰውነት በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሚጠቀም ትንፋሹ ከቆመ በኋላ 2 ደቂቃ እንኳ አያደርስም። ያው ሳንባ 90 በመቶ ኦክስጅን ከተሞላ ግን 1800 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ 7 ደቂቃ ገደማ አገኛችሁ ማለት ነው። ጭምብሉ ፊት ላይ ካልገጠመና በጎኑ ክፍተት ካለ ይህ ሁሉ ጊዜ ይጠፋል። ነፍሰ ጡር፣ በጣም ወፍራም ሰውና ሕፃን ደግሞ በደንብ ቢሞላላቸውም ኦክስጅናቸው ቶሎ ያልቃል፤ ለእነሱ ዝግጅቱ ይበልጥ ይጠብቃል።

ቱቦውን ስታስገቡ ጭንቅላቱን ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ በሚያደርግ ትራስ ላይ አስተካክሉ። ላሪንጎስኮፑን (ጉሮሮን የሚያሳየውን ምላጭና መብራት ያለው መሣሪያ) በግራ እጅ ይዛችሁ ከአፉ ቀኝ በኩል አስገቡና ምላሱን ወደ ግራ ግፉት። ጫፉ ከኤፒግሎቲስ (የአየር ቧንቧ ክዳን) ፊት ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ሲደርስ እጀታው ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ አንሱ። የእጅ አንጓችሁን አጥፋችሁ እንደ ጠርሙስ መክፈቻ ከተጠቀማችሁበት የላይኛው ጥርስ ይሰበራል። ለሴቶች ብዙውን ጊዜ 7 ወይም 7.5 ቁጥር ቱቦ፣ ለወንዶች 7.5 ወይም 8 ይበቃል፤ ጥርስ ላይ የሚነበበው ጥልቀት ለሴት 21፣ ለወንድ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ሳንባ ብቻ ይገባል። ለልጆች ኩፍ (ጫፉ አካባቢ የሚነፋ ፊኛ) ለሌለው ቱቦ ዕድሜን ለ4 አካፍሉና 4 ደምሩበት፤ የ4 ዓመት ልጅ 5 ቁጥር ይወስዳል።

ቱቦው መግባቱን የሚያረጋግጠው በመከታተያው ማያ ላይ የሚታየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞገድ ነው። በቱቦው ላይ ጤዛ መታየቱ፣ ደረት መነሳቱ፣ በማዳመጫ የሚሰማው ድምፅ ሁሉ ቱቦው የምግብ ቧንቧ ውስጥ ሆኖም ሊታይና ሊሰማ ይችላል። ሞገድ ከሌለ ቱቦው የተሳሳተ ቦታ ነው ብላችሁ ተነሱ እንጂ ማሽኑን አትጠርጥሩ። ተማሪ ከ10 ሙከራ 9ኙ የሚሳካለት በአማካይ ከ50 በላይ ቱቦ ካስገባ በኋላ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ወር ደጋግሞ ቢያቅታችሁ ተስፋ አትቁረጡ። አንድ ሙከራ ሲከሽፍ ግን አንድ ነገር ቀይራችሁ ድገሙ፤ ትራሱን፣ የላሪንጎስኮፑን ምላጭ ወይም የሚሞክረውን ሰው። ምንም ሳይቀየር የሚደገም ሙከራ ጉሮሮውን ከማሳበጥ በቀር ጥቅም የለውም።

ቅድመ ምርመራ

አደጋው ብዙ ጊዜ የሚታየው ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ቀን ነው፤ የሚያይ ዓይን ካለ። አፉን አስከፍቱ፤ ሦስት ጣት የማይገባ ከሆነ ቱቦው ያስቸግራል። አንገቱን ወደ ኋላ ማቅናት መቻሉን፣ ጥርሱም የሚነቃነቅ መሆን አለመሆኑን እዩ። ከዚህ በፊት ሰመመን ወስዶ ምን እንደገጠመው፣ ከቤተሰቡ በሰመመን የተጎዳ ካለ ጠይቁ። ጾሙ ለንጹሕ ውኃ 2 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4፣ ለቀላል ምግብ 6 ሰዓት ነው፤ ቅባት ለበዛበት ምግብ 8 ይሁን። «ምንም አልበላሁም» የሚል መልስ ብቻ አትቀበሉ። «መጨረሻ ላይ አፍህ ውስጥ የገባው ምንድን ነው? ስንት ሰዓት ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻይና ማስቲካ የሚወጣው ያኔ ነው። ከዚያ ሕመምተኛውን ከ1 እስከ 6 ባለው የአሜሪካ አኔስቴዚዮሎጂስቶች ማኅበር ምደባ መድቡ፤ 1 ፍጹም ጤነኛ ነው፣ 4 በሽታው ዘወትር ሕይወቱን የሚያሰጋው ነው።

የመካከለኛዎቹ ዓመታት

ከዚህ በኋላ ሥልጠናው በየክፍሉ መዞር ነው፦ ማዋለጃ፣ ሕፃናት፣ ልብና ደረት፣ አንጎል፣ ጽኑ ሕሙማን፣ ሕመም ማስታገሻ። በአሜሪካ አንድ ሬዚደንት ሳይመረቅ ቢያንስ 40 የስፓይናል፣ 40 የኤፒዱራል (ሁለቱም በጀርባ በመርፌ የሚሰጡ ናቸው)፣ 40 የነርቭ ማደንዘዣ መስጠት፣ ለ20 የቄሳሪያን ቀዶ ሕክምናዎች ሰመመን ወይም ማደንዘዣ መስጠት፣ ከ12 ዓመት በታች የሆኑ 100 ሕፃናትን ማስተናገድ ይጠበቅበታል። ፕሮግራም ስትመርጡ ከሕንፃው ውበት ይልቅ እነዚህን ቁጥሮች ጠይቁ፤ በተለይ ሕፃናትና ማዋለጃ ላይ። ሥራ ማስታወሻችሁን በዚያው ቀን ሙሉ፤ ዕድሜ፣ ምደባ፣ የሰመመን ዓይነት፣ ማን አጠገባችሁ እንደነበር፣ ምን እንደተበላሸ። የሕመምተኛ ስም አይጻፍም።

ስፓይናል ላይ የሚደጋገመውን ስህተት ብቻ እንጥቀስ። የአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው 1ኛውና 2ኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ስለሆነ መርፌው ከ3ኛው በታች ይገባል። የዳሌ አጥንቶቹን ጫፍ የሚያገናኘው መስመር 4ኛው አካባቢ ያልፋል፤ በእጅ ሲዳሰስ ግን ብዙ ሰው ካሰበው አንድ አከርካሪ ከፍ ብሎ ይገኛል። ከተጠራጠራችሁ አንድ ደረጃ ውረዱ። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ግፊቱ ስለሚወርድ የግፊት ማንሻው አስቀድሞ ተቀድቶ ይጠብቅ።

አልፎ አልፎ የሚመጡትን አደጋዎች በቃል

አንዳንድ አደጋ በዓመታት አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን መጽሐፍ የሚገልጥ ጊዜ የለም። ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያን (በሰመመን መድኃኒት የሚቀሰቀስ፣ ሰውነትን ከልክ በላይ የሚያግል አደጋ) ውሰዱ። በሰክሲኒልኮሊን (ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት) ወይም ከፈሳሽ በሚተን የሰመመን ጋዝ ይቀሰቀሳል፤ መጀመሪያ የሚታየው ምክንያት የሌለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ነው፣ ትኩሳቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ዳንትሮሊን ነው፣ በኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም። በተለመደው አሠራር አንዱ ብልቃጥ 20 ሚሊ ግራም ብቻ ይይዛል፤ በ60 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ መበጥበጥ አለበት። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 9 ብልቃጥ ነው። ይህንን አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ጋዙን ዘግቶ ብዙ ሰው መጥራት ነው። የከባድ አለርጂ ድንጋጤ፣ የማደንዘዣ መመረዝ፣ ቱቦም ጭምብልም አልሠራ ያለበት ሁኔታም እንዲሁ በወር አንዴ በቡድን በልምምድ ይሠሩ። የመጨረሻው ሲገጥም በአንገት ፊት ለፊት በስካልፔል (የቀዶ ሕክምና ምላጭ) የአየር መንገድ መክፈት ይመጣል፤ ብዙ ሕመምተኛ የሚጎዳው የሐኪሙ እጅ ስለማይችል ሳይሆን ውሳኔው ስለሚዘገይ ነው።

ፈተናው

በአሜሪካ ቤዚክ፣ አድቫንስድና አፕላይድ የሚባሉ ፈተናዎች አሉ፤ የመጨረሻው የቃልና የተግባር ነው። በሌሎች አገሮችም ቅርጹ ይመሳሰላል፦ መጀመሪያ መሠረታዊ ሳይንስ፣ ቀጥሎ ክሊኒካል። ለቃሉ ፈተና ዝም ብሎ ማንበብ አይበቃም። በየቀኑ ከሠራችሁት አንድ ሕመምተኛ ወስዳችሁ ለባልደረባችሁ ጮክ ብላችሁ አስረዱ፤ «ለምን ይህን መረጥህ? ባይሠራስ?» እያለ ይጫናችሁ።

ራስን መጠበቅ

ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ፌንታኒል (ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ) እና ፕሮፖፎል በየቀኑ በእጁ ናቸው፤ የመድኃኒት ሱስ በሙያው የታወቀ አደጋ ነው። የተረፈው መድኃኒት በምስክር ፊት ይወገድ፤ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ካለ ቀድማችሁ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ። ባልደረባችሁ ላይ ለውጥ ካያችሁም ዝም አትበሉ። ከሌሊት ተረኝነት በኋላ እንቅልፍ ሳትተኙ መኪና አትንዱ።

ከስፔሻሊቲ በኋላ

በልብ፣ በሕፃናት፣ በማዋለጃ፣ በሕመም ሕክምና፣ በጽኑ ሕሙማን ላይ ሰብ ስፔሻላይዝ ማድረግ ይቻላል፤ በአሜሪካ ብዙዎቹ 1 ዓመት ይወስዳሉ። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለአኔስቴዥያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን በፖሊዮ ወረርሽኝ ስትመታ የአኔስቴዥያ ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ጉሮሯቸው ተከፍቶ ቱቦ የገባላቸውን ሕመምተኞች በእጅ በሚጨመቅ ባግ ማናፈስ እንደሚቻል አሳየ፤ የሕክምና ተማሪዎችም ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ባጉን ጨመቁ። የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍል የበቀለው ከዚያ ነው።

ራሳችሁን ችላችሁ የምትሠሩበት የመጀመሪያ ሳምንት

አዲስ ሆስፒታል ስትገቡ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ ከማስተኛታችሁ በፊት በእግራችሁ ዙሩ። ለአስቸጋሪ አየር መንገድ የሚሆነው ጋሪ የት እንደቆመ፣ ዳንትሮሊን ካለ በየትኛው ቁም ሣጥን እንደተቀመጠ፣ ደም ከባንኩ ለመምጣት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ የኦክስጅኑ መዝጊያ ቫልቭ የት ግድግዳ ላይ እንደሆነ፣ ሌሊት እርዳታ ስትፈልጉ የሚደወልበት ቁጥር የትኛው እንደሆነ እዩና ጻፉ። ከዚያ ወደ ክፍላችሁ ተመለሱ፤ አምቡ ባጉን አንስታችሁ ጨምቁት፣ መዳፋችሁን በአፉ ላይ አድርጋችሁ አየር ማስወጣቱን አረጋግጡ።